«ቴክ»ን ለቻይናዊ ተማሪ እንዴት ታስረዳላችሁ?

እንግሊዝኛ የምታስጠኑት ሰው ቻይንኛ ተናጋሪ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ «ቴክ (take) ምን ማለት ነው?» ማለቱ አይቀርም። «መውሰድ ነው» ብላችሁ ለመገላገል አትሞክሩ። በማግስቱ ባጃጅ «ተቀምጦ»፣ መድኃኒት «በልቶ» ይመጣላችኋል።

የእኔ ዋና ሥራ ጎንደር ውስጥ ማስጎብኘት ነው፤ ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም። ማታ ማታ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ቻይናዊ ነው። «ላውሺ» ይለኛል፣ መምህር ለማለት። ከእሱ ጋር የሠራልኝን መንገድ ነው የምነግራችሁ።

በአቅጣጫ ጀምሩ። ቻይንኛ «ና» የሚል ግሥ አለው፤ በእጅ መያዝ፣ ማንሳት ማለት ነው። (እኛ ሰውን የምንጠራው «ና» ብለን መሆኑን ሲሰማ ተማሪዬ ደንግጦ ነበር።) ወደ ተናጋሪው ከመጣ «ና ላይ»፣ ከተናጋሪው ከራቀ «ና ቺዩ» ይላሉ። ይህ ለእናንተ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የመጀመሪያው «ብሪንግ»፣ ሁለተኛው «ቴክ» ነው በሉት። እኛም «ይዘህ ና» እና «ይዘህ ሂድ» እንላለን። እዚሁ ጎንደር ቁጭ ብለን ስለ ሰሜን ተራሮች ጉዞ ስናወራ «ቴክ ኤ ጃኬት» እለዋለሁ። እኔ ቀድሜ ደባርቅ ደርሼ ስልክ ከደወልኩለት ግን «ብሪንግ ኤ ጃኬት» ነው። ጃኬቱ ያው አንድ ነው፣ የተለወጠው እኔ ያለሁበት ቦታ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስኒ አስቀምጡና ወዲያ ወዲህ እያስኬዳችሁ አለማምዱት።

ከዚያ በኋላ ግን «ቴክ»ን ብቻውን ማስተማር አቁሙ። ሁልጊዜ ከሚከተለው ስም ጋር ስጡት።

ትራንስፖርት ላይ ቻይንኛ «ዙኦ» ይላል፣ መቀመጥ። ስለዚህ የኔው ሰው «አይ ሲት ባጃጅ» ይል ነበር። እኛ ባጃጅ እንይዛለን። እንግሊዝኛው «ቴክ ኤ ባጃጅ» ነው። ግን ሌላ ሰው ለሚነዳው ብቻ ነው። መሪውን ራሱ ከያዘ «ድራይቭ» ይላል። በሩ ላይ ቆሞ ሲገባ ደግሞ «ጌት ኢን» ነው። «ቴክ» በምን እንደሚሄድ ይናገራል፣ «ጌት ኢን» እግሩ ሲገባ ያለውን ቅጽበት።

መድኃኒት ላይ «ቺ» ይላሉ፣ መብላት። አንድ ጊዜ ሆዱን አሞት ፋርማሲ አብረን ሄድን። ባለሙያዋ ምግብ በልቶ እንደሆነ ስትጠይቀው «የስ፣ አይ ኢት ሜዲሲን» አላት። ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ኪኒን እና «ቴክ»ን አንድ ላይ ነው የማስጠናው፤ ሩዝ ብቻ ነው «ኢት»።

ጊዜ ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቻይንኛ «ኋ» የሚል ግሥ አለው፤ ሰውየው ጊዜውን ያወጣል፣ እንደ ገንዘብ። ስለዚህ «አይ ቴክ ቱ አወርስ ቱ ደባርቅ» ይላችኋል። የአማርኛውን አባባል ተርጉሙለት፤ ጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሚፈጀው መንገዱ ነው፣ እሱ አይደለም። «ኢት ቴክስ ቱ አወርስ»። የራሱን ነገር መጨመር ከፈለገ «ኢት ቴክስ ሚ» ይበል።

ፎቶ ቀላል ነው፣ «ቴክ ኤ ፎቶ»። ችግሩ ከኋላው ያለችው ትንሿ ቃል ናት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ማንሳት «ኦቭ ዘ ሲሊንግ» ነው። «ኦቭ ሚ» ካለ እሱ ፎቶው ውስጥ አለ። «ፎር ሚ» ካለ ግን እኔን ወክለህ አንሳልኝ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ሰው ጣሪያውን አንስቶ ቢሰጠው አይቀየም።

እዚያው ደጃፍ ላይ «ቴክ ኦፍ»ን አስተምሩ፣ ጫማ ስለሚወለቅ። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ» ይሆናል፣ «ቴክ ዩር ሹስ ኦፍ»ም ይሆናል። «ዘም» ከሆነ ግን መሃል መግባት አለባት፦ «ቴክ ዘም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዘም» የሚባል ነገር የለም። ቻይንኛ ለልብስና ለጫማ «ቱኦ»፣ ለአውሮፕላን መነሳት «ቺ ፌይ» ብሎ ስለሚለያያቸው፣ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም «ቴክ ኦፍ» ስለሚል፣ ከአዘዞ የሚነሳው አውሮፕላን ጫማ እንደሚያወልቅ አድርጎ ይስቃል። ይሳቅ፤ የሳቀበትን አይረሳም።

ሻወር፣ ብሬክ፣ ኤግዛም፦ ሦስቱንም በ«ቴክ» አስይዙትና እለፉ። ትርጉሙን የተሸከመው ስሙ ነው።

«ቴክ ፕሌስ» ግን ለእኛም ወጥመድ ነው። ጥምቀት ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ «ይከበራል» ስለምንል፣ «ኢዝ ቴክን ፕሌስ» ማለት ያምረናል። አይሆንም። «ጥምቀት ቴክስ ፕሌስ» ነው፣ በቃ።

ስለ ግሥ ጊዜ፦ የቻይንኛ ግሥ መልኩን አይቀይርም። ድርጊቱ መፈጸሙን የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ «ለ» የምትል ድምፅ ጨምረው ነው። ስለዚህ «የስተርዴይ አይ ቴክ» ሲል ስንፍና አይምሰላችሁ። ሠንጠረዥ አታሸክሙት። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙና ገልብጡት፦ ሁልጊዜ ቅዳሜ ባጃጅ «ቴክ»፣ ያለፈው ቅዳሜ «ቱክ»፣ ብዙ ጊዜ «ሃቭ ቴክን»። ማንዳሪን ላይ በ«ክ» የሚዘጋ ቃል ስለሌለ መጀመሪያ «ቴይከ» ይላል። መጨረሻዋን ቆርጦ እንዲተው አድርጉ፣ አየር እንዳያስወጣ።

«ቴክ አፍተር» እና «ቴክ አፕ»ን ገና አትንኩ፣ ይደባለቁበታል። «ቴክ ኦቨር»ን ግን ሳላስተምረው ያውቃት ነበር። ሳይቱ ላይ የማታ ፈረቃ ተረካቢ እሱ ነው።