ሚኒ ኢምፕላንት ሲተከል የመንጋጋ አጥንትን የሚጎዱ ስህተቶች

ሚኒ ኢምፕላንት ለጥርስ ማስተካከያ መደገፊያ እንድትሆን መንጋጋ አጥንት ውስጥ የምትተከል ብሎን ናት፤ ውፍረቷ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ትንሽ ስለሆነች ትናቃለች። ግን ያዥዋ አጥንቱ ነው፣ እሱ ከተጎዳ እሷም መነቃነቋ አይቀርም።

ከሁሉም የባሰው ስህተት ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ብዙዎች በጠበቀ ቁጥር ይሻላል ይላሉ። አይደለም! በተለምዶ የሚመከረው የማጥበቂያ ኃይል ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ በብሎኗ ጥምዝ ዙሪያ ያለው አጥንት ይጨመቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ደም በደንብ ሳይደርሰው ቀርቶ ቀስ በቀስ ይሞታል። አታላይ የሚያደርገው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብሎኗ ድንጋይ ውስጥ የገባች መምሰሏ ነው፤ የምትላላው ከሳምንታት በኋላ ነው። መፍቻው እጅዎ ላይ እየከበደ ከመጣ ቆም ይበሉ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ቀስ ብለው ይቀጥሉ።

ሁለተኛው፣ ለሁሉም ቦታ አንድ ቅርጽ መጠቀም። ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄደው ብሎን ስስ አጥንት ላይ ጥሩ ትይዛለች። ጥቅጥቅ ባለው የታችኛው መንጋጋ ግን እንደ ሽብልቅ ሆና አጥንቱን ትወጥረዋለች። እዚያ መጀመሪያ ከብሎኗ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ መብሳት ይሻላል። ሲበሱም በዝግታ፣ ውሃ እያፈሰሱ ይሁን፤ አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል።

በብሎኗ ርዝመት ላይ መተማመንም ሌላ ስህተት ነው። ብሎኗን በዋናነት የሚይዛት የላይኛው ጠንካራ የአጥንት ሽፋን ነው፣ የሽፋኑ ውፍረትም ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ከብሎኗ ርዝመት ይልቅ የብሎኗ ውፍረት ይበልጥ ይረዳል፣ ግን በጣም ከወፈረች በጥርስ ሥሮች መካከል ቦታ ታጣለች።

ስለ ሥር ካነሳን፣ ማደንዘዣ ማብዛትም ስህተት ነው። ድዱን ብቻ የሚያደነዝዝ ትንሽ መጠን ይበቃል፣ ምክንያቱም ብሎኗ ወደ ሥር ስትጠጋ ታካሚው ስለታም ሕመም ተሰምቶት "አመመኝ" ማለት መቻል አለበት። ያኔ ወዲያው ማውጣትና አቅጣጫ መቀየር ነው። ቶሎ ከወጣች በሥሩ ላይ የደረሰ ትንሽ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይጠግናል።

የመጨረሻው፣ በሚንቀሳቀሰው ልል የድድ ክፍል ላይ መትከል። ድዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብሎኗን ያሻሻታል፣ ይቆጣል፣ ቁጣውም ወደ አጥንቱ ይወርዳል። አጥንቱ ላይ አጥብቆ የተጣበቀውን ድድ ይምረጡ፣ ታካሚውም ዙሪያዋን በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ያጽዳ።