ውሻችሁ መወፈሩን በእጃችሁ እወቁት

ጾም ሲፈታ እዚህ ጎንደር ለግቢ ውሻ የሚወረወረው ጮማና አጥንት ብዙ ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ውሻችሁን ዳበስ አድርጉት። በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ጸጉር ያታልላል።

ጣታችሁን ሳትጫኑ ጎኑ ላይ አንሸራትቱ። ከዚያ የራሳችሁን አንድ እጅ ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ በሌላው እጃችሁ ዳብሱ። የውሻው የጎድን አጥንት እንደ እጃችሁ ጀርባ ከተሰማችሁ ደህና ነው። እንደ ተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከጎረበጠ ከስቷል። እንደ መዳፍ ከለሰለሰና አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለጋችሁ ወፍሯል። ከላይ ስታዩትም ወገቡ ገባ ማለት አለበት።

ድመት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከኋላ እግሮቿ ፊት የሚንጠለጠለው ለስላሳ ቆዳ ብቻውን ውፍረት አይደለም፤ እሷንም ጎኗን ዳብሱ። ወፍራለች ብላችሁ ደግሞ በፍጹም አታስርቧት። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች ጉበቷ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የእንስሳት ሐኪም አማክራችሁ ምግቧን ቀስ በቀስ ቀንሱላት።