ተራራ ጫፍ ላይ ሬዲዮው እምቢ ሲል

አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጥታችኋል። ላባችሁ ገና አልደረቀም። የአንቴናውን ሽቦ ሰቅላችሁ፣ ማይኩን ይዛችሁ ትጠራላችሁ። መልስ የለም። ደግማችሁ ትጠራላችሁ። አሁንም ጭጭ። እዚያች ደቂቃ ላይ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዕቃውን ሰብስቦ የወረደ ጓደኛ አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነውና።

የማወራው ስለ ሶታ ነው፤ ሙሉ ስሙ ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ አገር ደርሷል። ፈቃድ ያለው አማተር ሬዲዮኛ ዕቃውን አዝሎ ተራራ ይወጣል፣ ከጫፉ ላይ ይጠራል። ቤታቸው ሆነው የሚያዳምጡት ይመልሱለታል። ተራራ የወጣው አክቲቬተር ይባላል፣ ከቤት የሚያሳድደው ቼዘር። እያንዳንዱ ተራራ እንደ ከፍታው ከ1 እስከ 10 ነጥብ አለው። 1,000 የሞላለት አክቲቬተር «ማውንቴን ጎት» ይባላል፤ የተራራ ፍየል ማለት ነው።

እኔ የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። የምለማመደው ሜሪላንድ ያለው ሹገርሎፍ ላይ ነው፤ 391 ሜትር ብቻ ነው። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሆክስቢል ላይ እወጣለሁ፤ 1,234 ሜትር። እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ይሄ ኮረብታ ነው። ለሬዲዮ ግን ዙሪያው ገላጣ መሆኑ ይበቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሬዲዮው ራሱ የተበላሸበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከሽቦው ጫፍ ጀምሩ። ከዚያ መጋጠሚያው፣ ከዚያ ኬብሉ፣ ከዚያ ባትሪው። ሬዲዮው መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው።

«እጠራለሁ፣ የሚመልስ የለም»

መጀመሪያ ኤስ.ደብሊው.አር.ን እዩ። ይህ ቁጥር ከሬዲዮው የወጣው ጉልበት ምን ያህሉ አንቴናው ጋ ደርሶ እንደሚመለስ ይጠቁማል። ከ2 በላይ ከሆነ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ። ዝቅ ያለ ከሆነ አንቴናው ደህና ነው። እንግዲያው ዋናው ምክንያት አንድ ነው፤ እዚያ መሆናችሁን ማንም አያውቅም። በ5 ዋት የሚጠራን ሰው በአጋጣሚ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ቼዘሮቹ የሚያዩት ሶታዋች የሚባለውን ገጽ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ተራራውን፣ ሰዓቱንና ባንዱን፣ ማለትም የምትሠሩበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ እዚያ አስመዝግቡ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ደግሞ የምትጠሩበትን ፍሪኩዌንሲ በስልካችሁ ለጥፉ። ስፖት የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥሪው ሲጎርፍ ታያላችሁ።

ኔትወርክ ከሌለስ? ሼናንዶዋ ውስጥ ይሄ ያጋጥማል። በሞርስ የምትሠሩ ከሆነ መፍትሄው ያምራል። በየአገሩ ያሉ አውቶማቲክ መቀበያዎች ጥሪያችሁን ሰምተው ይመዘግባሉ፤ አስቀድማችሁ ካስመዘገባችሁ ስፖቱ ራሱ ይወጣል። በድምፅ ከሆነ ጎላ ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ፈልጉ፣ ንግግሩን እስኪጨርስ ጠብቁና «እባክህ ስፖት አድርገኝ» በሉት። እምቢ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ምክንያት የባንድ ምርጫ ነው። 14 ሜጋኸርዝ ላይ የወጣው ሞገድ ሰማይ ነክቶ የሚመለሰው ሩቅ ቦታ ነው፤ መሐል ያለውን ይዘለዋል። ቴክሳስ ያለ ሰው ጥርት አድርጎ እየሰማችሁ እዚሁ ዲሲ አጠገብ አርሊንግተን ያለው ጓደኛችሁ ምንም ላይሰማ ይችላል። ቅርብ ላለ ሰው በቀን 7 ሜጋኸርዝ ይሻላል።

በእጅ ሬዲዮ 146.52 ሜጋኸርዝ ላይ ለምትጠሩ ደግሞ ሁለት ነገር። በሪፒተር፣ ማለትም ድምፃችሁን ተቀብሎ መልሶ በሚያሠራጭ ጣቢያ፣ ስትነጋገሩ የሞላችሁት ኦፍሴት (የመናገሪያና የማዳመጫ ፍሪኩዌንሲ ልዩነት) ወይም ቶን (እንደ ቁልፍ የሚያገለግል ዝቅ ያለ ድምፅ) ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል። ኦፍሴቱ ካልጠፋ የምታዳምጡት አንድ ቦታ፣ የምትናገሩት ሌላ ቦታ ነው። የመቀበያው ቶን ክፍት ከሆነ ደግሞ የሚመልስላችሁ ቢኖርም ድምፁ አይከፈትላችሁም። ሌላው አጭሯ የጎማ አንቴና ናት። 49 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚሆን ረጅም ተክታችሁ ሞክሩ፤ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

«ኤስ.ደብሊው.አር. ጣሪያ ነካ»

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቁጥሩ ከነፋሱ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ መጋጠሚያ ላልቷል። ሆክስቢል ላይ አንድ ጠዋት አርባ ደቂቃ የፈጀብኝ ይሄው ነው። ሽቦውን አወረድኩ፣ ሰቀልኩ፣ ዛፍ ቀየርኩ። ነፋስ ሲነፍስ ቁጥሩ ይዘላል፤ ሲቆም ይረጋል። በመጨረሻ ኬብሉን ከሶኬቱ ሥር ቀስ ብዬ ነቀነቅኩት፤ ቁጥሩም አብሮ ተነቃነቀ። ውስጡ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አምስት ሜትር ትርፍ ኬብል ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም መጀመሪያ ነቅንቁ፣ ከዚያ ኬብሉን ለውጡ። ሽቦውን መንካት ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ዝም ካለ ግን ርዝመቱን ጠርጥሩ። ባንድ ለመቀየር የሚከፈት ማገናኛ ያለው ዳይፖል (ሁለት እኩል ክንፍ ያለው የሽቦ አንቴና) ከሆነ አንዱ ማገናኛ ተከፍቶ ወይም ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል። ሁለቱን ክንፎች ጎን ለጎን ተመልከቱ፤ እኩል ካልሆኑ አገኛችሁት። የግማሽ ሞገድ ርዝመት በሜትር ለማወቅ 143ን ለሜጋኸርዙ አካፍሉ። 14.2 ላይ 10 ሜትር ያህል ይመጣል፣ 7.1 ላይ 20 ሜትር።

ከአንድ ጫፍ የሚመገብ ሽቦ የምትጠቀሙ ደግሞ ትራንስፎርመሩንና ሽቦውን አታደባልቁ። 49 ለ 1 የሆነው ትራንስፎርመር የሚፈልገው የግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። 20 ሜትር ሽቦ በ7፣ በ14፣ በ21 እና በ28 ሜጋኸርዝ ባንዶች ይሠራል። ቲዩነር (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማ መሣሪያ) ከሌለ በ10 ሜጋኸርዝ አይሞከርም፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

ቤት ግቢ ውስጥ ልክ የነበረ ሽቦ ተራራ ላይ ሊለወጥ ይችላል። እርጥብ ቅጠል ከነካው ወይም ወደ መሬት ከቀረበ ጥሩው ቁጥር ወደ ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ይንሸራተታል። መፍትሄው ሽቦውን ከቅጠሉ ማራቅና ከፍ ማድረግ ነው። ያ ካልሆነ ጫፉን ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ እጠፉት። መቀስ አታውጡ። የታጠፈ ይዘረጋል፣ የተቆረጠ አይመለስም።

«እሰማቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም»

አንቴናው ደህና ከሆነ ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ቅንብሩን እዩ። አይኮም አይሲ-705 ለምሳሌ በራሱ ባትሪ የሚሰጠው 5 ዋት ነው፤ 10 ዋት የሚወጣው ከውጭ 13.8 ቮልት ሲያገኝ ነው። ይህን ሳያውቅ ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ነው።

የውጭ ባትሪ ካላችሁ ቮልቴጁን ስትናገሩ ተመልከቱት፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥማ ሁሉም ደህና ይመስላል። ስታርፉ 13 ቮልት፣ ስትናገሩ 11.5 ካለ ሽቦው ቀጥኗል፣ ሶኬቱ ላልቷል ወይም ባትሪው ደክሟል። ሶኬቱን በእጃችሁ ዳብሱት። ከሞቀ ጥፋቱ እዚያ ነው። ብዙዎቹ ባለ 13.8 ቮልት ሬዲዮዎች ከ11.7 በታች ሥራቸውን በትክክል አይሠሩም። ለጊዜው ዋቱን ቀንሱ፤ 10 የነበረውን 5 ማድረግ ቼዘሩ ጆሮ ላይ ብዙም አይታወቅም።

ብርድ ባትሪን ያደክማል። በክረምት ስትወጡ ባትሪው ጃኬታችሁ ውስጥ ይሁን። የሊቲየም ባትሪን ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉ፤ እስከ መጨረሻው ይጎዳል።

«ጫፉ ላይ ማማ አለ፣ ሬዲዮው ደነቆረ»

የቴሌቪዥንና የኤፍ.ኤም. ማማ ያለበት ተራራ ላይ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ምንም አይሰማም። ከማማው የሚወጣው ኃይል የመቀበያውን በር ይሞላዋል። አንቴናውን ማሳደግ እዚህ ጋ ነገሩን ያባብሰዋል። ራቁ። ሶታ የሚፈቅደው ክልል ከጫፉ 25 ሜትር ቁልቁል ያለው ነው፤ ያ በከፍታ ነው እንጂ በእርምጃ አይደለም። ሜዳማ ጫፍ ላይ ረጅም መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። ቋጥኝ በእናንተና በማማው መሐል አድርጉ። አቅጣጫ ያለው ያጊ አንቴና ካላችሁ ጀርባውን ለማማው ስጡት።

«ምሰሶው አልገባም አለ»

የፋይበርግላስ ምሰሶ መገጣጠሚያው ሲነክስ በጉልበት አይሆንም። ከላይኛው ቀጭን ክፍል ጀምራችሁ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ግፉ። እምቢ ካለ ወፍራሙን ክፍል በመዳፋችሁ አሙቁት። ጠንካራ እንጨት ላይ ቀጥ አድርጎ መታ መታ ማድረግም ይረዳል።

«ስሜን አሳሳቱት»

ስም ያልኩት በፊደልና በቁጥር የተሠራውን የሬዲዮ መጠሪያ ነው። ይሄ የእኛ ሰው ላይ ይበረታል። «ኤ» እና «ኢ» ጫጫታ ውስጥ አይለዩም። ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ፊደሉን ራሱን አትጥሩ። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ የሚለውን ዓለም አቀፍ አጠራር በደንብ ያዙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የክለብ ጣቢያ እንኳ «ኤኮ ታንጎ 3 አልፋ አልፋ» ሲባል ነው ማንም የማይስተው። ዘዬያችሁን አትፈሩ። ዝግ በሉ፣ ሁለቴ በሉ፣ ይሰማሉ።

ሃያ ሰው ባንዴ ከጠራችሁ ደግሞ የሰማችኋትን ሁለት ፊደል ብቻ ይዛችሁ እሷኑ መልሳችሁ ጥሩ። ቀሪው ዝም ይላል። ሌላ ተራራ ላይ ያለ ሰው ከጠራችሁ ቅደም ተከተሉን ለእሱ ስጡ፤ እሱም እንደ እናንተ ባትሪው እያለቀ፣ ጣቱ እየቀዘቀዘ ነው።

«ሬዲዮው ቀጭ ቀጭ ይላል»

ሰማዩ ሲጠቁርና ከሬዲዮው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲበዛ ምክንያቱ የመብረቅ ደመና ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። መፍትሄ ፍለጋ የለም። ኬብሉን ንቀሉ፣ ምሰሶውን አውርዱና ውረዱ። ፀጉራችሁ ከቆመ ወይም ሽቦው ከጮኸ ምሰሶውን ሳትነኩ ጥላችሁት ሂዱ። ሆክስቢል ጫፍ አጠገብ ያለው ክፍት የድንጋይ መጠለያ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሦስት ሰው አግኝታችሁ አራተኛው ቢቀራችሁም እንደዚያው።

«ሰው አገኘሁ፣ ነጥቡ ግን የለም»

ለነጥብ አራት የተለያዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በሪፒተር የተገኘ አይቆጠርም። አንድ ተራራ ነጥብ የሚሰጣችሁ በዓመት አንዴ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ ማውራት፣ በጄኔሬተር መሥራትም አይፈቀድም። ይህን ሁሉ አሟልታችሁ መዝገባችሁ ከቼዘሮቹ ጋር አልገጥም ካለ ሰዓቱን እዩ። መዝገቡ የሚጻፈው በዩ.ቲ.ሲ.፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ጭንቅላታችን ውስጥ በሐበሻ ሰዓት ነው የምናስበው። እኔ ለዲሲ አካባቢ ያገኘሁት አቋራጭ ይሄ ነው። በበጋ፣ ማለትም እዚህ ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋባቸው ወራት፣ በሐበሻ የቀን ሰዓት ላይ 10 ደምሩ፣ በክረምት 11። በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ 14 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። በዚሁ በበጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዩ.ቲ.ሲ. 00:00 ነው። ቀኑም ወደ ነገ ይዞራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ያመሻችሁ እንደሆነ ከ00:00 በኋላ ያገኛችኋቸውን ሰዎች በነገው ቀን መዝግቡ።