ፊቱን ውሃ የማያስነካው ልጅ

የአምስት ዓመቱ ልጄ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይውላል። ፊቱ ከረጠበ ግን ኡኡታ ነው! የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ብርድ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝበት ሰውነቱ ይገተራል።

መፍትሔው የተገኘው ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ለብ ያለ ውሃ ሞላሁበት። አፍና አፍንጫውን ነክሮ «እምምም» እያለ አረፋ ያስነሳል። አየር በአፍንጫ ሲወጣ ውሃ አይገባም፤ የሚያስፈራው ለካ ውሃ በአፍንጫው መግባቱ ኖሯል። ጨዋታ አደረገው፣ ቤቱም በውሃ ተጥለቀለቀ።

ከዚያ ሶደሬ ወረድን፤ ፍልውሃ ስለሆነ አይበርደውም። በአየር የሚነፋውን የክንድ መንሳፈፊያ አወለቅኩለት። ልጁን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው መንጋለልን አያስለምድም። ጀርባውን በእጄ ደግፌ አንጋለልኩት፣ ቀስ እያልኩ ለቀቅኩት። ተንሳፈፈ! ከክንዴ ግን አላርቀውም፤ የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም።

አሁን የቀረን እግር መምታት ነው።