የጉልበት ሰርጀን ስትመርጡ ባክግራውንዱ ላይ ምኑን ነው የምታዩት?

ይሄ አሜሪካ ላላችሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ቋ አለና ኤሲኤሉ (ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት) ተበጠሰ፣ በዛው ዓመት ደግሞ የእማዬ ጉልበት አልቋል መቀየር አለበት ተባለ፣ እኔም ሁለቱም ያው ጉልበት ነው ብዬ ለሁለቱም አንድ ሰርጀን ልይዝ ነበር፣ ግን እንደዛ አይደለም።

ኦርቶፒዲክ (የአጥንትና የመገጣጠሚያ) ሰርጀን ሁሉ ከሜዲካል ስኩል በኋላ 5 ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሰሩ መሰልጠን) ይሰራል። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ያለው የ1 ዓመት ፌሎሺፕ (በአንድ ዘርፍ ብቻ የሚሰለጥንበት) ነው፣ ስለዚህ ፕሮፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ስፖርትስ ሜዲስን ካለ የተበጠሰ ጅማት፣ የተቀደደ ሜኒስከስ (ጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ ያለው)፣ የሚወልቅ ትከሻ፣ በካሜራ የሚሰራ አርትሮስኮፒ ነው በብዛት የተማረው። አደልት ሪኮንስትራክሽን ወይም ጆይንት ሪፕሌስመንት ካለ ያለቀ ጉልበትና ዳሌ መቀየር ነው። ሁለቱንም የሚሰሩም አሉ። ስፖርትስ ሜዲስን የሚል ሁሉ ግን ሰርጀን አይደለም፣ የፋሚሊ ሜዲስን ሐኪምም በዚህ ስፔሻላይዝ ያደርጋል፣ ኦፕራሲዮን ለማይፈልግ ጉዳት በጣም ጥሩ ነው፣ ኦፕራሲዮን ግን አይሰራም።

ከዛ የአሜሪካ ኦርቶፒዲክ ሰርጀሪ ቦርድ ዌብሳይት ላይ ስሙን ፈልጉ። ለስፖርት ከ2007 ጀምሮ ለብቻው ሰርቲፊኬት አለ፣ ለጆይንት ሪፕሌስመንት ግን እንደዛ ያለ የለም፣ ስለዚህ አጣሁት ብላችሁ አትደንግጡ። ላይሰንሱንና ቅጣት ካለበት ደግሞ የስቴታችሁ ሜዲካል ቦርድ ላይ እዩ።

ቀጠሮው ላይ ዋናው ጥያቄ "ይሄን ኦፕራሲዮን ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሰሩ?" ነው። እኔ ስጠይቅ እማዬ ዶክተር እንዲህ ይጠየቃል እንዴ ብላ በጠረጴዛው ስር ቆነጠጠችኝ፣ ሰውየው ግን ምንም ሳይከፋው ቁጥሩን ነገረን። የሚከፋው ካለ ሌላ ፈልጉ፣ ምንም ይሉኝታ አያስፈልግም።

ኤሲኤል ከሆነ አዲሱ ጅማት ከየት እንደሚወሰድ ጠይቁ፣ ከጉልበቱ ሎሚ ስር፣ ከጭን ኋላ፣ ወይስ ከሟች የተለገሰ? ለወጣት ተጫዋች የተለገሰው ቶሎ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ወደ ኳስ የሚመለሰው መቼ እንደሆነም ጠይቁ፣ ከ9 ወር በፊት ሜዳ ለመግባት መቸኮል እንደገና ማስበጠስ ነው፣ ወንድሜን በስንት ልመና ነው የያዝነው።

ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ በሉ፣ ከመንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኔ እማዬን ሳስተረጉም የከበደኝን እዘል ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ አስተርጓሚዋ ስትመጣ እማዬ የጠየቀችው እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን ነው፣ "ከተቀየረልኝ በኋላ መስገድ እችላለሁ ወይ?" ዶክተሩ ስግደት እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ አላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ አልጋውን ይዛ ዝቅ ልትል ስትጀምር ክንዷን ያዛትና ገባኝ አላት፣ ከዛ መንበርከክ ብዙ ሰው ላይ እንደሚከብድ፣ ጉልበቱም እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይታጠፍ እንደሚችል ቁጭ ብሎ አስረዳት። እሷም ወንበር ላይ ሆኜ እጸልያለኋ ብላ ፈረመች።