ሲቪል ዋርን በአቦል፣ በቶናና በበረካ፦ የተበተነ የኮሚክስ ክሮስኦቨር እንዴት እንደገና ይዋቀራል?

የኮሚክስ (የሥዕል ታሪክ) አሳታሚውን የማርቭልን «ሲቪል ዋር» መጀመሪያ ያነበብኩት ደሴ ውስጥ መብራት በሄደበት ማታ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው። ሰባቱንም ዋና እትሞች ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሳምንቱ ታናሽ ወንድሜ «ካፒቴን አሜሪካ ሲገደል ምን ተሰማህ?» አለኝ። የት ነው የተገደለው? እኔ ባነበብኩት እጁን ሰጥቶ ነው የሚያልቀው። ለካ የሚሞተው በሌላ መጽሐፍ ነው፤ ራሱ በስሙ በሚወጣው መጽሐፍ 25ኛ እትም ላይ።

ክሮስኦቨር ማለት እንግዲህ ይኼው ነው። እያንዳንዱ ጀግና በየወሩ የሚወጣ የራሱ መጽሐፍ አለው። አንድ ቀን አሳታሚው ሁሉንም ይሰበስብና አንድ ትልቅ ጠብ ውስጥ ይከታቸዋል። ዋናው ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ይሄዳል፣ ቅርንጫፎቹ በየጀግናው መጽሐፍ ይበተናሉ። ሲቪል ዋር ከሜይ 2006 እስከ ፌብሩዋሪ 2007 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ማርክ ሚላር ጻፈው፣ ስቲቭ ማክኒቨን ሳለው። ዋናው 7 እትም ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ጋር ወደ 100 ይጠጋል። ስሙን ተርጉሜ «የእርስ በርስ ጦርነት» ብዬ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ግን ቆም አልኩ። እዚህ ደሴ ላይ ይኼ የኮሚክስ ቃል አይደለም። ስለዚህ ሲቪል ዋር እንዳለ ይቀመጥ።

በነገራችን ላይ በ2016 የወጣውን ፊልም ያያችሁ ብዙ ናችሁ፤ እሱ ስሙንና የሁለቱን ጠብ ወስዶ ሌላ ታሪክ ነው የሠራው። እዚህ የምናወራው ስለ ኮሚክሱ ነው።

የተበተነውን ታሪክ እንደገና ለማዋቀር የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ መቀስ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰፊ ወለል፣ ቡና፣ እና ኮሚክስ አንብቦ የማያውቅ አንድ ሰው። የመጨረሻው እንዳይቀርባችሁ።

1. ቆራርጣችሁ ዘርጉት

ታሪኩን ወደ ብጣሽ ወረቀት ቀይሩት። አንድ ድርጊት፣ አንድ ብጣሽ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማን ምን አደረገ የሚል መሆን አለበት። «ስፓይደር ማን አለ» አይሆንም። «ስፓይደር ማን ጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን አወለቀ» ይሆናል። ከዋናው ሰባት እትም የመጣውን በቀይ፣ ከቅርንጫፍ የመጣውን በሰማያዊ ጻፉ።

እኔና ወንድሜ ሰሌን ላይ ዘርግተነው ቆመን አየነው። ቀዩ በአብዛኛው «ተጣሉ፣ አመለጡ፣ እንደገና ተጣሉ» ነው። ሰማያዊውን እዩት። የፒተር ፓርከር (የስፓይደር ማን) አክስት ሜይ በጥይት ተመታች። ካፒቴን ተገደለ። ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይኼ ሁሉ ለዚህ ዋጋ እንደማይበቃ ለሬሳው ነገረው። አንጀት የሚበላው ሁሉ ሰማያዊ! ዋናውን ብቻ ገዝቶ ያነበበ ሰው ድብድቡን አይቶ ለቅሶው ሳይነገረው ቀረ ማለት ነው።

2. ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ሁሉም ነገር ከዚህ ነው የሚመዘዘው። አብዛኛው ሰው የሲቪል ዋር ጥያቄ «ከአይረን ማንና ከካፒቴን ማን ትክክል ነው?» ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

አጀማመሩን አስታውሱ። ኒው ዋሪየርስ የሚባሉ ወጣት ጀግኖች የቴሌቪዥን ትርዒት እየቀረጹ፣ ስታምፈርድ ኮኔቲከት ውስጥ የተደበቁ ወንጀለኞች ላይ ይዘምታሉ። ከወንጀለኞቹ አንዱ፣ ኒትሮ፣ ራሱን እንደ ቦምብ ማፈንዳት ይችላል። ትምህርት ቤት አጠገብ ፈነዳ። ከ600 በላይ ሰው አለቀ፣ ልጆችም ጭምር። ልጇን ያጣች ሚርያም ሻርፕ የምትባል እናት ቶኒ ስታርክ ፊት ላይ ተፋች። ከዚያ ጀግና ሁሉ ስሙን ለመንግሥት ያስመዝግብ የሚል ሕግ መጣ። ቶኒ ደገፈ፣ ካፒቴን እምቢ አለ፣ ተከፋፈሉ።

ጥሩ። አሁን ብጣሾቹ መሃል አንድ ነገር ፈልጉ፦ ኒትሮን ማን ያዘው?

ዋናው ሰባት እትም ውስጥ ነገሬ ብሎ የሚፈልገው የለም። ሕፃናቱን የፈጀው ሰውዬ ተረሳ። ከጀግኖቹ የሚያሳድደው ዎልቨሪን ብቻ ነው፣ እሱም በራሱ መጽሐፍ። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ጀግኖች ሲደባደቡ የፈረሰውን ከተማ እየጠገነ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት አለ። ለኒትሮ ጉልበቱን የሚያበዛ መድኃኒት የሰጠው የዚያ ድርጅት ኃላፊ ነው። ፍርስራሽ በበዛ ቁጥር ሥራ ይበዛላቸዋላ! ይኼን የመሰለ ነገር ቅርንጫፍ ውስጥ ደብቆ መቶ እትም ማተም ምን ይሉታል?

ስለዚህ እኔ ጥያቄውን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ለስታምፈርድ ልጆች ማን ይጠየቃል?» ይቺን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፏት። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ብጣሽ ስታነሱ እሷን ቀና ብላችሁ እዩ። ካልነካት ይውጣ።

3. በሦስት ስኒ ክፈሉት

ይኼ የኔ ዘዴ ነው፣ የትም አልተማርኩትም። ለአዲሱ አወቃቀር ዘጠኝ እትም ውሰዱ። ሦስቱ አቦል፣ ሦስቱ ቶና፣ ሦስቱ በረካ።

አቦል ወፍራም ነው። ፍንዳታው፣ ቀብሩ፣ ሕጉ እዚህ ይግቡ። ከቅርንጫፍ አንድ ብጣሽ ብቻ አምጡ፦ አልመዘገብም ያለውን የጀግናውን የሉክ ኬጅን ሌሊት። ሕጉ የሚጸናው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ሉክ ኬጅ ሚስቱንና ልጁን አስቀድሞ ሸኝቷል፤ ሃርለም ያለው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ሊይዙት መጡ። እንደኔ ከመቶው እትም ሁሉ ምርጡ ገጽ ይኼ ነው። ሕግ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባን ቶኒ ሲያስረዳ አይደለም፣ በር ሲንኳኳ ነው። አቦሉን በዚህ ዝጉት።

ቶና ላይ የፒተር ጭምብል ይወልቃል፣ ጸጸቱም እዚሁ ይጀምራል። ዎልቨሪን ኒትሮ ላይ ይደርሳል። የመብረቁ ጀግና የቶር ነገርም እዚህ ነው። እውነተኛው ቶር በዚያን ጊዜ የለም፤ እነ ቶኒ ከሱ የተባዛ ግልባጭ ሠርተዋል። ግልባጩ የድሮ ወዳጃቸውን ጎልያድን ደረቱን በመብረቅ በስቶ ይገድለዋል።

በረካ ላይ አዲስ ቡና አይጨመርም። ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። ዋናው ሲቪል ዋር የሳተው ይኼን ነው። 7ኛው እትም ላይ ውጊያው ሲጧጧፍ የባሕሩ ንጉሥ ኔሞር ሠራዊቱን ይዞ ከች ይላል። የት ነበርክ እስካሁን? ማነው የጠራህ? በመጨረሻዎቹ ሦስት እትሞች አዲስ ሰው፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ሠራዊት አይገባም። ያለው ይቅጠን። ድምፁም ዝቅ ይበል።

4. ሁለቱንም ወገን አቆሽሹ

ቶኒ ግልባጭ ሠራ፣ ግልባጩ ወዳጅ ገደለ። ከዚህ በኋላ አንባቢ ቶኒን ማመን ያቆማል፤ ክርክሩም ያበቃል። ግን ካፒቴን ወገን ላይም ደም አለ። ፐኒሸርን ወደ ቡድኑ ያስገባው ካፒቴን ነው፤ ፐኒሸር ደግሞ ሊቀላቀሏቸው የመጡ ሁለት ወንጀለኞችን እዚያው ተኩሶ ገደለ። ይኼ ያለው 6ኛው እትም ላይ ነው፣ በጣም ዘግይቶ። ብጣሹን አንሱና ከጎልያድ ሞት ቀጥሎ አስቀምጡት። ሌላ አንድ ቃል ሳትቀይሩ ክርክሩ ነፍስ ሲዘራ ታያላችሁ።

5. ቅርንጫፉን በሐረጎ ሕግ መዝኑት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቃል። ጠመዝማዛ ነው፣ ሆድ ያገላብጣል፣ ግን ኮምቦልቻ ያደርስሃል። ጠመዝምዞ መልሶ ደሴ ቢያመጣህ ማን ይሄድበት ነበር?

ቅርንጫፍም እንደዚያው ነው። ከዋናው መንገድ የት እንደወጣ ይታወቅ፣ ሲመለስ ጭነት ይዞ ይምጣ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ብጣሹን አንሱትና ታሪኩን ንገሩ። ክፍተት ካልተሰማ ቅርንጫፉ ትርፍ ነበር። እኛ ሦስት ብቻ አተረፍን፦ የስፓይደር ማንን፣ የዎልቨሪንን፣ የሉክ ኬጅን። ወንድሜ ለኤክስ-ሜን ቡድን ቅርንጫፍ ብዙ ተከራከረ። ብጣሹን አነሳሁ፣ ምንም አልጎደለም። አኩርፎ ውሃ ሊጠጣ ሄደ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በ2006 የዋናው መጽሐፍ ሥዕል ሲዘገይ ቅርንጫፎቹም አብረው ተገተሩ፣ ምክንያቱም ቀድመው ቢወጡ ምስጢሩን ያፈነዱታል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ዋናው ገና ያልነገረውን አይንካ። ሁልጊዜ ባለፈው እትም ላይ ይንጠልጠል።

6. መሃል የሚገባ ሰው ፈልጉ

ይኼን እኔ አላመጣሁትም። እማዬ ረከቦቱን አጠገባችን አድርጋ ቡና እያፈላች ስንጨቃጨቅ ትሰማለች። ቶናውን ቀድታ ስትሰጠኝ ስኒው ተንሸራተተና የስፓይደር ማን ብጣሽ ላይ ትንሽ ፈሰሰ። «አብሽር፣ ይደርቃል» አለችና ጎንበስ ብላ ወረቀቶቹን አየቻቸው።

«እነዚህ ሰዎች አበጋር የላቸውም እንዴ?»

ወንድሜ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? ሰው ሞተ አላችሁ። ሁለት ወገን ሆኑ አላችሁ። ታዲያ መሃል የሚገባው ማነው?»

አበጋር ለማታውቁ፦ እኛ ዘንድ ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። እናም ጥያቄዋ ያስቅ እንጂ እውነቷን ነው። ዋናው ሲቪል ዋር ውስጥ ለመነጋገር የተሞከረው 3ኛው እትም ላይ ነው፣ እሱም ተንኮል ነው። ቶኒ ካፒቴንን በሐሰት እሳት ጠርቶ «አምስት ደቂቃ ስማኝ» ይለዋል። ተጨባበጡ። ካፒቴን ግን እጁ ውስጥ በደበቀው መሣሪያ የቶኒን ልብስ አሽመደመደው። የጨበጡትን እጅ!

«አንድ ሰው አለ እማ» አልኳት። «ቤን ግሪም ይባላል፣ ሰውነቱ ድንጋይ ነው። ከሁለቱም አልወግንም ብሎ ፈረንሳይ ሄደ።»

«አስታራቂ ሰው ፈረንሳይ ይሄዳል? መልሱታ!»

መለስነው። በረካው፣ ማለትም 7ኛው እትማችን፣ በቤን ግሪም ይከፈታል። ሦስት ሰው ያስቀምጣል፦ ቶኒን፣ ካፒቴንን፣ ሚርያም ሻርፕን። መጀመሪያ የምትናገረው ልጇን ያጣችው እናት ናት። ዎልቨሪን ይዞት የመጣው የድርጅት ኃላፊ ስም እዚህ ይነገራል። አሁን ሁለቱም የሚጠየቀውን ሰው ያውቁታል፤ ሊታረቁ ለትንሽ ነው። ከዚያ ይፈርሳል። ቶኒ አንመዘገብም ስላሉ ያሰራቸውን ጀግኖች ልቀቅ ይባላል፣ እምቢ ይላል፣ ካፒቴን ይነሳል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውጊያ ያው የድሮው ውጊያ ነው፤ ግን ሊቀር ይችል እንደነበር ስላየን ያማል።

አጨራረሱን አልነካሁትም። ካፒቴን ቶኒን ሊጨርሰው ሲል የሚይዙት ተራ ሰዎች ናቸው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ የሕክምና ሰው። ዞር ብሎ ከተማውን ያያል፤ ፈራርሷል። ጭምብሉን አውልቆ እጁን ይሰጣል። ሚላር ላይ ብዙ ቅሬታ አለኝ፣ እቺን ግን አጣጥሜያታለሁ።

7. ላላነበበ ሰው ጮክ ብላችሁ ተርኩት

አድማጩ ስልኩን የሚያነሳበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እማዬ ላይ ስሞክረው ቶና መሃል ሁለት ጊዜ ጀበናውን ለማየት ተነሳች። ሁለቱም ጊዜ ስለ ቶር ግልባጭ አሠራር እየዘበዘብኩ ነበር። ከአምስት ብጣሽ ወደ አንድ ቀነስኩት፦ «ግልባጭ ሠሩ፣ ሰው ገደለባቸው።» ስለ ሚርያም ስናገር ግን ስኒ ማጠቡን ትታ አየችኝ። ያ ብጣሽ አይነካም።

ያልተስማማንበት አንድ ብቻ ቀረ፣ የካፒቴን ግድያ። ወንድሜ 9ኛው እትም ውስጥ ይግባ፣ አንተ ራስህ አይደል እንዴ ለቅሶው ሳይነገረኝ ቀረ ያልከው ይለኛል። እኔ በረካ ላይ አዲስ ቡና አይጨመርም እላለሁ፤ እጁን ሲሰጥ ይለቅ፣ ሞቱ ራሱን የቻለ ሌላ መጽሐፍ ይሁን። ብጣሹን አንስቼ ደብተሩ ውስጥ አስገባሁና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሰሌኑ ላይ ተመልሳ የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳትነሳም ስኒ ተደፍቶባታል።