የጓሮ ተክልን ተባይ ያለ ኬሚካል ማጥፋት፦ ችግርና መፍትሄ

ቅጠል ሲበላሽ ቶሎ የሚታየን መርጨት ነው። ግን የሚመጥጥና የሚቆርጥ ተባይ በአንድ መድኃኒት አይጠፋም። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

ለጋው ቅጠል ተጨማዷል፣ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ግንዱ ላይ ይመላለሳል

ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ነው። የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ጣፋጭ ነገር ያወጣል። ጉንዳኑ የሚመጣው እሱን ፍለጋ ነው፤ ክሽክሹንም ከጠላቶቹ ይጠብቅለታል። ሲቆይ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል።

መጀመሪያ ጠንከር ባለ የውሃ ግፊት እጠቡት። ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አደራ፣ ቅጠል ያቃጥላል። አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ደህና ከሆነ ፀሐይ ሲበርድ ርጩ፣ የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ ድረስ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሳሙና የሚገድለው በእርጥብነቱ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ጉልበት የለውም። ስለዚህ በየ5 ቀኑ ሁለት ሦስቴ ድገሙት።

ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ እባካችሁ አትንኳት። እሷም እጮቿም ክሽክሽ ይበላሉ። በነገራችን ላይ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ የሚያወጣውን ለጋ ቅጠል ክሽክሽ በጣም ይወደዋል። ችግሩ እየተመላለሰ ካስቸገረ ማዳበሪያውን ቀንሱ።

ቅጠሉ በደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ቀጭን ድር ይታያል

ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መሳይ ነገር መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው። ሙቀትና ድርቀት ይስማማዋል። የቅጠሉን ጀርባ ቶሎ ቶሎ በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ያንኑ ሳሙና ርጩ።

ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ጥቃቅን ጥቁር ኩስ አለበት

ትል ነው። ሳሙና እዚህ ብዙም አይረዳም። በእጅ ልቀሙት፤ ጀርባው ላይ የተጣበቀውን እንቁላልም ጨፍልቁ። ከበዛ ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት መድኃኒት አለ። የሚሠራው ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው ነው፤ ስለዚህ ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ርጩት።

ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቋል

ቆራጭ ትል ነው። የሚበላው ሌሊት ነው፤ ቀን ተጠቅልሎ አፈር ውስጥ ይተኛል። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉ ታገኙታላችሁ። ለቀሩት ችግኞች ካርቶን እንደ ቀለበት ጠቅልላችሁ ግንዱን ክበቡት፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።